አሮጌ ኮርኒስ ይነሣ ወይስ ይተው? ከመንካታችን በፊት ልናውቀው ስለሚገባ አቧራ



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ «የኬሚስትሪ መምህርን ኮርኒስ ምን አገባው?» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ንግግሬን ለማዘጋጀት ያነሣሣኝን አንድ ጥፋት መናዘዝ ስለሚጠይቅ ከዚያው ብጀምር ይሻላል።

የተወለድኩት ቱም ነው። አባቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት የእንጨትና የጭቃ ቤት ዛሬም አለ፤ እናቴ ይኖሩበታል። ጣራው ቆርቆሮ ሲሆን ከሥሩ በእንጨት ፍርግርግ ላይ የተወጠረ የአቡጀዲ ኮርኒስ አለው። በልጅነቴ በየዓመቱ ኖራ ይቀባ ስለነበር ነጭ ሆኖ አስታውሰዋለሁ። ከጊዜ በኋላ ግን ኖራ የሚቀባው ሰው አልፏል፤ ጨርቁም በክረምቱ ጠብታ ተዥጎርጉሮ፣ ከላዩ በተጠራቀመው ነገር ክብደት መሐሉ ረግቦ ቀረ። የዛሬ ሁለት ዓመት የአባቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ እናቴ «እንግዳ ተቀምጦ አይጥ ከላዩ ሲሮጥ መስማት ነውር ነው፤ ይህን ነገር አንሡልኝ» አሉኝ። እኔም ሁለት ወጣቶችን በቀን ሥራ ቀጠርኩና ሳሎኑን እንዲያነሡ አዘዝኩ።

አንደኛው በመሰላል ወጥቶ ጨርቁን ከመሐል በቢላዋ ሲቀደው የሃምሳ ዓመት ክምችት በአንድ ጊዜ ወረደ። ቤቱ በቀትር ጨለመ። ጥላሸት፣ የአይጥ እዳሪ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የበሰበሰ ጨርቅ፣ ምንነቱ የማይለይ ግራጫ ዱቄት ሆኖ ተነሣ። እናቴ በአጠገቡ ባለው ክፍል ተቀምጠው ነበርና እየሳሉ ወደ ደጅ ወጡ። ወጣቶቹ አፋቸውን በሸሚዛቸው ክንድ ሸፍነው ሥራውን ቀጠሉ። ቆይ ብላቸው «ጋሼ፣ አቧራ አይደል እንዴ? ምን ያደርጋል?» አለኝ አንደኛው። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ሒሳባቸውን ከፍዬ ሸኘኋቸው። ያ ወጣት ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲያስለው እንደ ከረመ የሰማሁት ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሳሉ ከዚያ አቧራ መጣ ብዬ ለመመስከር ማስረጃ የለኝም። አንድም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አለመግዛቴን ግን በሚገባ አውቃለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት እረሳው ነበር። በዚያው ወር ግን በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ ቤት ገዝቷል። ኮርኒሱ የፈንዲሻ ፍሬ የተለጠፈበት የሚመስል ሸካራ ነው። ሰዎቹም በቋንቋቸው የፈንዲሻ ኮርኒስ ይሉታል። «አላማረኝም፤ ቅዳሜና እሑድ በመሰላል ወጥቼ በመፋቂያ ልፋቀው አስቤአለሁ፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። ሳላመነታ «ተመርምሮ ሳይታወቅ እጅህን እንዳታነሣበት!» ብዬ ተቆጣሁ። ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ፦ ለወንድሜ ሳንባ የሰጠሁትን ጥንቃቄ ለዚያ ወጣት ሳንባ ለምን ነፈግሁት? ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የመነጨ ነው።

በቅድሚያ ወንድሜን ለምን እንደ ተቆጣሁት ላስረዳ። የፈንዲሻ ኮርኒስ በአሜሪካ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዛት የተሠራ ነው። በማሽን ስለሚረጭ ሥራው ፈጣንና ርካሽ ነበር፤ የግንበኛን ጉድለት ይሸፍናል፣ የድምፅንም ማስተጋባት ይቀንሳል። ከሚረጨው ድብልቅ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ይገኝበት ነበር። አስቤስቶስ በተፈጥሮው ወደ ቀጫጭን ክሮች የሚሰነጠቅ ድንጋይ ሲሆን እሳትን ይቋቋማል፣ ጥንካሬም ይሰጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስቤስቶስ ያለበትን ርጭት ለጌጥ መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ1978 ከልክሏል። ይሁንና አስቀድሞ ተመርቶ በመጋዘን የነበረው ከዚያም በኋላ ጥቅም ላይ ይውል ስለነበር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ቤትም ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም።

የአስቤስቶስ ጉዳት የሚመነጨው ከክሮቹ መጠንና ጽናት ነው። ብዙዎቹ ክሮች ውፍረታቸው ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ነው፤ የሰው ፀጉር በአማካይ 70 ማይክሮሜትር ያህል እንደሆነ ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል። እንዲህ የቀጠነ ክር በአየር ላይ ለሰዓታት ተንሳፎ ይቆያል፤ ሲተነፍሱት በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይያዝ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል። በዚያ የሚገኙት የመከላከያ ሕዋሳት ባዕዱን ነገር ውጠው ለማስወገድ ቢሞክሩም ክሩ ከእነርሱ ስለሚረዝም ሊውጡት አይችሉም፤ አሲዳቸውም አያሟሟውም። ውጤቱ ለዓመታት የሚዘልቅ ቁጣ፣ ቀጥሎም ጠባሳ ነው። ከዚህ የሳንባ መጠንከር፣ የሳንባ ካንሰርና ሜዞቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሁሉንም የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ጋር መድቧቸዋል። በሽታው የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ በመሆኑ ዛሬ ኮርኒስ የሚፍቅ የ20 ዓመት ወጣት ውጤቱን የሚያየው ልጆቹን ለቁም ነገር ባበቃ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

አሁን ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነጥብ ይህ ነው፦ ይኸው አስቤስቶስ ሳይሰነጠቅና ሳይፈረፈር በኮርኒሱ ላይ ተጣብቆ እስካለ ድረስ በቤቱ ለሚኖር ሰው የሚያደርሰው አደጋ እጅግ አነስተኛ ነው። አደገኛ የሚሆነው ሲፋቅ፣ ሲቦረቦር፣ ሲሰበር፣ ውሃ ገብቶበት ሲረግፍ ነው። ስለዚህ «አሮጌና አስቀያሚ ነውና ይነሣ» የሚለው ፍርድ ያልነበረን አደጋ ሊፈጥር ይችላል። አባቶች «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ ይህን የመሰለ አቧራ ግን ካፈሰሱት በኋላ መልሶ መልቀም አይቻልም።

ወንድሜ መክሬው ናሙና አስመረመረ። ምርመራው ከባድ አይደለም፤ ኮርኒሱ በውሃ ርሶ ጥቂት ቅንጣት ይወሰድና በቤተ ሙከራ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ይታያል። ውጤቱ 3 በመቶ ክሪሶታይል የተባለ አስቤስቶስ እንዳለበት አሳየ፤ በዚያ አገር ደንብ ከ1 በመቶ በላይ የያዘ ሁሉ አስቤስቶስ ያለበት ተብሎ ይመደባል። መኝታ ቤቶቹና ሳሎኑ ደኅና ስለነበሩ ሳይነኩ ቀሩ። የመታጠቢያ ቤቱ ግን ከላይ ውሃ ፈስሶበት ይረግፍ ስለነበር ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች ክፍሉን በፕላስቲክ አሽገው፣ እያረጠቡ አነሡት። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያየ ውሳኔ ተሰጠ፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። የፈንዲሻ ኮርኒስ በቱም፣ በሚዛንም ሆነ በቴፒ የተለመደ አይደለምና «ይህ የእኛ ችግር አይደለም» ማለት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ከላይ የተጠራቀመ፣ ምንነቱ ያልታወቀ፣ ሲነኩት የሚበተን ነገር በእኛም ቤት አለ። እስቲ አንድ በአንድ እንመልከተው።

በመጀመሪያ፣ የእኛ ኮርኒስ ለምን ተሠራ? የሣር ክዳን ቤት ኮርኒስ አያስፈልገውም፤ ሣሩ ራሱ ሙቀትንም ድምፅንም ይይዛል። ቆርቆሮ ሲመጣ ግን ሌላ ጠባይ ይዞ መጣ። ቀን ይግላል፤ ዝናብ ሲመታው ንግግር አያሰማም። ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የቤቱ እርጥበት ያለው አየር ከሥሩ ሲነካው ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። ዝናቡ በረዘመበት በዚህ በደቡብ ምዕራብ አገራችን ይህ ጠብታ ቀላል አይደለም። ኮርኒሱ ሙቀቱን፣ ድምፁንና ጠብታውን እንዲያበርድልን የተዘረጋ ነው። በጨርቁ ላይ የምናየው ቢጫ ዝንጉርጉር የግድ የሚያፈስ ጣራ ምልክት አይደለም፤ የዓመታት ጠል የጻፈው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ኮርኒስን አንሥቶ ምንም አለመተካት እነዚህን ሦስቱን ወደ ቤት መጋበዝ ነው።

ሁለተኛ፣ በቆርቆሮውና በጨርቁ መካከል ያለው ጨለማና ሞቃት ቦታ ለአይጥና ለሌሊት ወፍ ምቹ መኖሪያ ነው። በሌሊት ወፍና በአእዋፍ ኩስ ላይ ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ ሊያድግ ይችላል። ኩሱ በቦታው እስከተቀመጠ ብዙም አያስጨንቅም፤ ሲበተንና ዘሩ በአየር ሲተነፈስ ግን ሳንባን ያሳምማል፤ በተለይ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ክፉኛ ይጎዳል። የደረቀ የአይጥ እዳሪም እንዲሁ በመጥረጊያ ሲነሣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ወደ አየር ሊበትን ይችላል።

ሦስተኛው በተለይ እኔን እንደ ኬሚስትሪ መምህር የሚያሳስበኝ ነው። ወባ በሚበረታባቸው የአገራችን ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢዎች ለአሥርተ ዓመታት የመኖሪያ ቤቶች የውስጥ ገጽ ዲዲቲ ሲረጭ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ከተቋቋመ ወዲህ የሚረጩት ሠራተኞች «የወባ ሠራተኞች» ተብለው በየመንደሩ ይታወቁ ነበር። የሚመከረው መጠን በአንድ ካሬ ሜትር እስከ 2 ግራም ነው። 40 ካሬ ሜትር ገጽ ባለው ክፍል በአንድ ዙር ርጭት እስከ 80 ግራም ይቀራል ማለት ነው። ዲዲቲ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን የተመረጠበት ጠባዩ፣ ማለትም ቶሎ አለመፍረሱ፣ ዛሬም አብሮን እንዲኖር አድርጎታል። ፀሐይና ዝናብ በማይደርስበት የቤት ውስጥ አቧራ ደግሞ ለረጅም ዘመን ይቆያል። በአገራችን ትንኞቹ ስለተላመዱት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል። ከዚያ በፊት በሚዛን ዙሪያ፣ በቴፒ ወይም በበበቃ የተሠራ ቤት ያለው ሰው ግን የኮርኒሱ አቧራ ተራ አቧራ ነው ብሎ አስቀድሞ መደምደም የለበትም።

አራተኛ፣ አስቤስቶስ ራሱ ፈጽሞ ከእኛ የራቀ አይደለም። ኤተርኒት በሚል ስም የምናውቀው ግራጫ ሰሌዳ በአሮጌ ምርቱ አስቤስቶስና ሲሚንቶ ተደባልቆ የሚሠራ ነበር። አሮጌ ሕንፃ ሲታደስ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሲገኝ በመዶሻ መሰባበር፣ በመጋዝ መቁረጥ ወይም በብሩሽ መፈግፈግ አይገባም። የቆየ የዘይት ቀለም የተቀባ የእንጨት ወይም የኮምፔንሳቶ ኮርኒስ ደግሞ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ የለበትም፤ እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

እንግዲህ እንዴት እንወስን? አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ይበቃል።

አንደኛ፣ ምንድን ነው? ኮርኒሱ ከምን ተሠራ፣ መቼ ተሠራ፣ በላዩ ምን ተጠራቀመ፣ ቤቱ ዲዲቲ ተረጭቶ ያውቃል ወይ? ቤተ ሙከራ በሌለበት ሽማግሌዎችን መጠየቅ ራሱ ምርመራ ነው። እናቴን ብጠይቃቸው ኖሮ የሌሊት ወፎቹ በየትኛው ማዕዘን እንደሚገቡ ይነግሩኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ጤነኛ ነው ወይስ እየፈረሰ? ያልረገበ፣ ያልተቀደደ፣ የማይረግፍ ከሆነ ቀዳሚው ምርጫ መተው ነው። መተው ግን መርሳት አይደለም፤ የሚያፈሰውን ጣራ መጠገን፣ አይጥና ወፍ የሚገቡበትን ቀዳዳ መድፈን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ማየት ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ በቤቱ ማን አለ፣ ሥራውንስ ማን ይሠራል? ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ሥራው እስኪያልቅና ቤቱ እስኪጸዳ ወደ ሌላ ቤት መሄድ አለበት። ሠራተኛው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለአቧራው የቀረበ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ይህ ለአንድ ቀን በመኖሪያ ቤት የተቀጠረን ወጣት ይመለከታል ወይስ አይመለከትም የሚለውን ለሕግ ባልደረቦቼ እተወዋለሁ። ለኅሊና ግን ጥያቄው ተመልሷል።

አራተኛ፣ በምን ይተካል? መተኪያው ሳይዘጋጅ ማፍረስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ቺፕውድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ ፕላስቲኩ እርጥበት አይፈራም፣ ሲቃጠል ግን መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ የቀርከሃ ሰሌን ርካሽና የአካባቢው ምርት ነው፣ ነገር ግን ነቀዝ እንዳይበላው መታከም አለበት።

መነሣት አለበት ከተባለ ሥራው በሥርዓት ይሠራ። ዕቃ ሁሉ ይውጣ፤ የማይወጣው በፕላስቲክ ይሸፈን፤ ወደ ሌላ ክፍል የሚያስገባው በር ይታሸግ። ሠራተኛው ኤን 95 የተባለውን ወይም ከዚያ የተሻለ መሸፈኛ፣ የዓይን መከለያና ጓንት ያድርግ፤ ሻሽና ነጠላ ደቃቁን አቧራ አይከለክልም። ጨርቁ ከመቀደዱ በፊት በመርጫ ቀስ እያለ ይርጠብ፤ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ቢገባበት ውሃው አቧራው ውስጥ ቶሎ ይሰርጻል። ከመሐል ሳይሆን ከጠርዝ ተነሥቶ በትንንሹ እየተቆረጠ ወደ ጆንያ ይውረድ። መጥረጊያ ፈጽሞ አይነካው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። የተነሣው ነገር አይቃጠል፤ ከውሃ ምንጭና ከጓሮ አትክልት ርቆ ይቀበር። አስቤስቶስ የተጠረጠረበትን ግን በዚህ መንገድ እንኳ በራሳችሁ አትንኩት፤ የሚያውቅ ባለሙያ እስኪገኝ መተው ይሻላል።

ባለፈው ዓመት የእናቴን ቤት ሁለተኛ ክፍል በዚህ ሥርዓት አነሣን። በሳሎኑ አንድ ቀን የፈጀው ሥራ በዚህ ክፍል ሁለት ቀን ፈጀ፤ ተጨማሪው ወጪ የአንድ ቀን ምንዳ፣ የጥቂት መሸፈኛዎችና የፕላስቲክ ዋጋ ነበር። እናቴ እኅቴ ቤት ሰነበቱ። የመኝታ ክፍላቸው ኮርኒስ ግን ሳይረግብና ሳይቀደድ የቆየ ነውና አልነካነውም፤ የአይጡን ቀዳዳ ብቻ ደፈንን። «ይህንንስ ለምን ተዋችሁት?» ሲሉኝ «ደኅና ነው፣ እማዬ፤ ደኅና የሆነውን አንረብሸውም» አልኳቸው።

ሥራውን እንዲሠሩ የጠራኋቸው እነዚያኑ ሁለት ወጣቶች ነበር። መሸፈኛውን ስሰጠው ያ ሲያስለው የከረመው ልጅ አገላብጦ አየና ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ባለፈው ይህን የት አስቀምጠውት ነበር?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። እናንተ ተማሪዎቼ ነገ መሐንዲስ፣ የጤና ባለሙያ፣ አሠሪ ወይም የቤት ባለቤት ትሆናላችሁ። ተመሳሳይ ጥያቄ እንዳይቀርብላችሁ እመኛለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።